የአማቼ ተሳቢ

ልጄን ያገባት ሰው ብረት የሚወለውለው በምራቁ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደፊት ስለሱ ክፉ ክፉውን ሳወራ ማንም "አሁንስ አበዙት" እንዳይለኝ ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጨርቁን በጣቶቹ ላይ ይጠቀልላል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እንትፍ ይላል፤ ከዚያ ያንን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ክብ ክብ እያደረገ ያሸዋል። አንድ ቀን ሳፈጥበት አይቶኝ፣ "ምራቅን የሚያህል ማወልወያ የለም እማማ፤ ኬሚካሉም አይደርስበትም" አለኝ፣ ቁም ነገር ያስተማረኝ መስሎት። እኔ ዕድሜዬን በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጨረስኩ፣ ኃላፊም የነበርኩ ሴት ነኝ። ከሰው ገላ የሚወጣውን ነገር ሁሉ በጠረኑም በቀለሙም ለይቼ አውቃለሁ። በምራቅ ጉዳይ እሱ ሊያስተምረኝ!

ሰፈሩ "ላሜራው" ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ልጄና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። የሚሠራው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ተጋጭቶ ጎኑ የገባ አውቶቡስ ሲመጣለት ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ እያደረገ ጎኑን ያወጣዋል። አባቱም እዚያው ጋራዥ ጥበቃ ነበሩ። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ ልጆቹ ደግሞ መዓት ስለነበሩ፣ እሱ ጎርምሶ እስኪወጣ ድረስ የሚተኛው በቆሙ አውቶቡሶች የኋላ ወንበር ላይ ነበር አሉ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ወንበሩ ነው። ስንት ሕፃን የሸናበት፣ ስንት ሰካራም ያስመለሰበት ወንበር! እንዲህ ያደገ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይጸየፋል?

ልጄ የቋንቋ አስተማሪ ናት። እኔ በልቤ ያጨሁላት የሆስፒታሉን ፋርማሲስት ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚል፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ንጹሕ ሰው። እሷ ግን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሊያቃና የመጣውን ላሜራ ወደደች። "እማዬ፣ ሲሠራ ብታዪው" አለችኝ። አየሁታ። ጥፍሩ ሥር ስቱኮ፣ ጆሮው ውስጥ የብረት ብናኝ፤ ዳቦ ሲይዝ የጣቱ አሻራ ዳቦው ላይ ይቀራል፣ ያንኑ ዳቦ ይበላዋል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ምን ላድርግ፣ ዳርኳት።

ከዚያ ጉልበቴ ታመመ። የምኖረው ፎቅ ላይ ስለነበር ደረጃው አልቻል አለኝ፤ ለሕክምናው ጥቂት ቀን ብዬ እነሱ ዘንድ መጣሁ፣ ጥቂቱም ቀን ከረመ። ቤታቸው ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው። መኝታ ቤቱን ለኔ ለቀቁልኝ፣ እነሱ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ሽንት ቤቱ ደጅ ነው። የደም ግፊት ክኒን ስለምውጥ ስመላለስ ነው የማድረው፤ መንገዴ ደግሞ በሶፋው ግርጌ ያልፋል። መብራት ካላበራሁ እወድቃለሁ፣ ካበራሁ ከብርድ ልብሱ የወጣው የሱ እግር ይታየኛል። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። "ይሄን ተረከዝ ቅባት ቀባው እንጂ፣ አንተ ሰው!" እለዋለሁ። "እሺ እማማ" ይላል ዓይኑን ሳይከፍት። ልጄ ትራሱን አንስታ ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ጠዋትም ቀድሜ የምነሳው እኔ ስለሆንኩ ሳሎን ገብቼ መስኮቱን እበረግደዋለሁ፤ ሁለት ሰው ያደረበት ክፍል ካልተናፈሰ ይሸታል።

የተሳቢው ነገር የመጣው ከጸጉር ቤት ነው። ጸጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ በላይ የለጠፈው አንድ የጥንት ፎቶ ነበረው፤ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬና ቀበቶዋን ጠበቅ ያደረገች ሴት፣ ከኋላቸው እንቁላል የምታህል ብልጭልጭ ቤት፣ ጎማ ተደርጎላት በመኪና የምትጎተት። የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ተነስቶ ውስጡ ትንሽ ምድጃ ይታያል። ላሜራው ፎቶውን ለምኖ አመጣና ሳሎን ሰቀለው። የጸጉር ብናኝ እንኳ አልተራገፈለትም።

"እሠራዋለሁ" አለ። "የድሮውን ሞዴል፣ እንዳለ።"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። "ምንድነው ደግሞ ይሄ?" አልኩት።

"ተሳቢ ነው እማማ። ውስጡ ይተኛበታል፣ በኋላ በኩል ይበሰልበታል። ቅርጹን አዩት? የእንባ ጠብታ ነው የሚሉት።"

"እንባ ውስጥ ደግሞ ማን ይተኛል?"

ሳቅ አለና ልጄን አያት። ልጄ የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ቀጠለች፤ ከዚያ በፊት ግን ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ሰበረች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም የሚል ሰው አላምንም። ልጄ ክፍል ውስጥ የምታስተምረው ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ እያለች ነው። እዚህ ቤት ባለቤቱ እሱ ከሆነ፣ ማሰሪያዋም እሷ ከሆነች፣ ተሳቢዋ ማን ልትሆን ነው? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከኔ በቀር ማን አለ!

ንድፉን የነደፈው በሳሎኑ ወለል ላይ ነው፣ በኖራ፣ በሙሉ ልኩ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ተንበርክኮ ሲስል ዋለ። በአንድ ወገን ድብልብል ያለ፣ በሌላው እየሳሳ የሚወርድ፤ እውነትም የአንድ ግዙፍ ሰው እንባ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበ ይመስላል። እኔ ወለል ላይ ቆሻሻ ማየት አልችልም። እሱ ሥራ ሲሄድ በመወልወያ አጠፋሁት። ማታ መጣ፣ አየ፣ አንድ ቃል ሳይናገር እንደገና ተንበርክኮ ሳለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የማይቆጣ ሰው ያሳክከኛል።

ከዚያ ደግሞ ሜትሩን ይዞ መጣ። ጉልበቴ ላይ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አድርጌ ጋደም ብያለሁ።

"እማማ፣ አንዴ ቀጥ ብለው ይተኙልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"ቁመትዎን ልለካ ፈልጌ ነው።"

ክው አልኩ። ተኝቶ የሚለካ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ተለክቶ አይነሳም። "በቁሜ!" ብዬ ጮህኩ። "በቁሜ ልትለካኝ!"

"አይ፣ በቁም አይሆንም እማማ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ሰው ሲተኛ ይረዝማል፤ የእግር ጣቱ ይዘረጋል። ተኝተው ነው የምፈልገው።"

ይህን በቅን ልቡ ይበለው በተንኮል እስከ ዛሬ አላውቅም። ስቱኮ የደረቀበትን ያንን ሜትር ከተረከዜ እስከ አናቴ ዘረጋው። ጫፉ ጣቴን ሲነካኝ ሰውነቴ ስቅጥጥ አለ። "ጥሩ" አለና ቁጥሩን ጆሮው ላይ በሰካው እርሳስ መዳፉ ላይ ጻፈው። ወረቀት እንኳ አላከበረኝም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ግቢ ውስጥ ይከማች ጀመር። መጀመሪያ ስፖንጅ መጣ፣ ከተጣሉ አውቶቡሶች ወንበር የተቀደደ። ግቢው ውስጥ አሰጣው፤ ዝንብ ሰፈረበት። ውሃ ሲያፈስበት የወጣውን ቡናማ ፈሳሽ አልናገርም፤ ምሳ የበላ ሰው ያነበው ይሆናል። "ማን ሊተኛበት ነው?" ብለው፣ "የሚተኛበት ሰው ይመርቀኛል" ይለኛል እየሳቀ። ቀጥሎ ኮላው መጣ፤ የቀለጠ ጎማና የበሰበሰ ዓሣ የተቀላቀለ ይመስል ጠረኑ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። የሚያማስለው በማንኪያ ነው፣ በማን? በኔ የሻይ ማንኪያ! ማንኪያውን አንስቼ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ወረወርኩት። እሱ አውጥቶ ማማሰሉን ቀጠለ።

ከሁሉ የከፋው መስኮቱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ክብ ወፍራም መስታወት፣ ከነብረት ቀለበታቸው፣ በብብቱ አቅፎ መጣ።

"እነዚህስ ለእርስዎ እንግዳ አይደሉም" አለኝ፣ ደስታው ፊቱን ሞልቶት።

እንዴት እንግዳ ይሆኑብኛል! የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን አሮጌ ማሽኖች ተነቅለው ተጥለው ኖሮ፣ የሁለቱን በር ገንጥሎ ነው ያመጣው። አንደኛው ጠርዙ ላይ ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኬን በዚያ መስታወት ፊት ቆሜአለሁ። ከኋላው ምን ሲሽከረከር እንደኖረ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የቀዶ ጥገናው አንሶላ፣ የሕፃናቱ ክፍል፣ ያ ደም የነካው ውሃ ሐምራዊ አረፋ ሆኖ ሲጋጭበት። አሁን ደግሞ እሱ መስኮት አድርጎት፣ ሰው ከኋላው ተኝቶ ወደ ውጭ ሊያይ! ራሴን ከመስታወቱ ኋላ አሰብኩት፣ ከጨርቁ ጋር ስዞር። ጥዬው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ይህ ሁሉ ለኔ እንደሚሠራ ከዚያ ወዲያ አልተጠራጠርኩም። ቁመቱ የኔ፣ መስታወቱ የኔ። የቀረው ከመኝታ ቤቱ አውጥተው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ብቻ ነው፤ ደግሞ ጎማ አለው። ዛሬ ግቢ ውስጥ ብቆም ነገ የት እንደምጎተት ማን ያውቃል? ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እሷ አጠገብ ካልሆንኩ የት ልሆን ነው? ልጄን ጥግ ይዤ "ለማነው ይሄ ነገር?" አልኳት። ፊቷ ቀላ። "ሲያልቅ ታዪዋለሽ እማዬ" አለችና ደብተሯን ሰበሰበች። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። መረረኝ።

የብረቱ ወለል ሲደርስ በያጁ መጣ። ብረቱ ግቢው ውስጥ በጡብ ላይ ተጋድሟል፤ ግድግዳ የለው፣ ጎማ የለው፣ ከየትኛውም ወገን ብታዩት አንድ ነው። አንደኛው ጫፍ ወደ አጥር በሩ ነው፤ ከበሩ ውጭ የሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ አለ፣ ውሾች ሲያገላብጡት ይውላሉ። ሌላው ጫፍ ወደ ጓሮው ነው፣ ወደ ልብስ ማስጫዬ። ላሜራው ጋራዥ ድንገት ተጠርቶ ስለሄደ ለበያጁ በስልክ ነገረው፤ "መጎተቻውን በራስጌ በኩል በይደው፣ በኖራ ምልክት አድርጌልሃለሁ" ብሎ። ጠዋት ዝናብ ጥሏል። ኖራ የት ይገኛል!

በያጁ ብረቱን ሁለት ጊዜ ዞረና ወደኔ መጣ። "እናቴ፣ ራስጌው በየት በኩል ነው?"

ቆምኩና አሰብኩ። ራሴን ወደዚያ ገንዳ አድርጌ፣ የውሻ ሽንት እያሸተትኩ፣ ዝንብ አፌ ላይ እያረፈ ልተኛ ነው? ሞቼ ነው! መተኛቴ ካልቀረ ቢያንስ ራሴ ንጹሕ ልብስ ከሚሰጣበት ይሁን።

"በልብስ ማስጫው በኩል ነው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የምተኛበትን አላውቅም እንዴ? በይደው!"

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በየደው። ብልጭታው ሲረጭ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በኋላ እንኳ ትንሽ ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁለት።

ላሜራው ሲመጣ መጎተቻው ወደ ጓሮው ግድግዳ አፍጥጦ ቆሟል። ኮፍያውን አወለቀ። በብረቱ ዙሪያ ዞረ። "ማነው በዚህ በኩል ያለህ?" አለ። በያጁ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። "ራሴን ወደ ቆሻሻ ገንዳ አድርጌ አልተኛም! እስከዛሬ ዝም ብያለሁ፣ አሁን ግን ቢያንስ ራስጌዬን እመርጣለሁ!"

ላሜራው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ፊቱ ተለወጠ። "እማማ" አለ፣ "እርስዎ እዚህ ውስጥ ይተኛሉ ያለዎት ማነው?"

"ታዲያ ለማነው? ለመንፈስ ነው?"

በያጁ ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው በሳል ሸፈነው። ላሜራው ቆርጦ እንደገና ይበይደው እንደሆን በያጁን ጠየቀው፤ "ሁለቴ የተቃጠለ ብረት አላምንም" አለ በያጁ። ላሜራው ኮፍያውን መልሶ ደፋ። "ይሁን፣ ጎማውም ገና ነው፤ ንድፉን እገለብጠዋለሁ። ራስጌው እማማ ያሉት ይሁን" አለ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። በግድግዳውና በአጥሩ መሀል ተሳቢው የሚዞርበት ቦታ የለም፤ ሲያልቅ ጭራው ቀድሞ እየተገፋ ነው ከበሩ የሚወጣው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወሬው ከኔ በፊት ደርሷት ነበር። ማድ ቤት አገኘችኝ። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩን ገፋ አደረገች።

"ለኛ ነው እማዬ። ለኔና ለሱ። ቁመትሽን የለካው እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው፣ እኩል ስለሆንን።"

እፎይ ልል ነበር። አፌን ለእፎይታ ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣ፤ "ምን ልትሠሩበት?" አልኳት።

ልጄ አየችኝ። እስኪገባኝ ጠበቀች። ሲገባኝ ፊቴ ጋለ፣ ከዚያ ቅፍፍ አለኝ። የተከበረች አስተማሪ፣ ባል ያላት ሴት፣ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር፣ በአውቶቡስ ስፖንጅ ላይ፣ ጎረቤት እያያት!

"ነውር አይደለም እንዴ? ቤት እያላችሁ!"

"የቱ ቤት?" አለችኝ።

የምጣዱን ቂጥ መፈግፈግ ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ የጥላቻ ጊዜ ነው፣ አልዋሽም። ሁለቱንም ጠላኋቸው። እሱ ከሥራ ሲመለስ እሷ ልብሷን ቀይራ ትወጣለች፤ እሱ ኮምፔንሳቶውን፣ ያን ስስ ጣውላ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሶ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል፣ እሷ ሌላውን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች። አንዱ "ያዝ" ሲል ሌላው "ያዝኩ" ይላል። ይሳሳቃሉ። ጸጉሯ ላይ የእንጨት ዱቄት፣ አፍንጫዋ ላይ ኮላ። ያሳደግኳት ልጅ፣ መሐረብ ሳልተኩስላት ትምህርት ቤት ሄዳ የማታውቅ ልጅ! አንድ ቀን በመስኮት ሳይ፣ ጨርቁን ጠቀለለች፣ ጎንበስ አለች፣ እንትፍ አለችና አሉሚኒየሙን ትወለውል ጀመር። መጋረጃውን ዘጋሁ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም፤ የጠየቀኝም እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

አለቀ። ከአሮጌ አውቶቡስ የነቀላቸው ክብ መብራቶች ኋላው ላይ ተገጠሙ፣ የጎማው ክዳን እንደ ፎቶው ተደረገ። ሰው ሁሉ በአጥር ላይ እየተንጠራራ "አቤት! ምን የመሰለ ነገር!" ይላል። እኔ በሩቁ ነው የማየው። አንድ ቀን ግን ሁለቱም ሥራ ሲሄዱ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ በዚያች ትንሽ በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሽታውን ፍለጋ ነው የገባሁት። እያንዳንዱን ጥግ በአፍንጫዬ ፈተሽኩ። ስፖንጁ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ ማዕዘኑ እኛ ሆስፒታል እንደምናጥፈው ታጥፏል። መስታወቱ በበረኪና ተዘፍዝፎ ጭረቱ ብቻ ቀርቷል። የእንጨትና የሳሙና ጠረን ብቻ። የምጸየፈው ነገር አጣሁ። ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስጠላኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ ትንሽዬ መቀርቀሪያ አየሁ፤ የተገጠመችው ከውስጥ በኩል ነው። ከውጭ እጀታ እንጂ ቁልፍ የለም። አንዴ ቆለፍኩት፣ መልሼ ከፈትኩት።

ሊሄዱ የተነሱት ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ነው። ሐይቅ ዳር ይሰነብታሉ፤ ሲመለሱም፣ ልጄ እንደነገረችኝ፣ ግቢው ውስጥ እዚያው ነው የሚያድሩት፣ ክረምት ከበጋ። ከጋራዡ የተዋሱት መኪና መንገድ ላይ ቆሟል፤ በያጁም ሊያግዝ መጥቷል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ሌት ሙሉ ሳገላብጥ ያደርኩትን ነገር ተናገርኩ።

"እኔ ልተኛበት" አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

"እኔ እዚያ ልተኛ። መኝታ ቤታችሁን ውሰዱ። ቁመቱ ልኬ ነው፤ ራስጌውንም እኔው ነኝ የመረጥኩት። ከሐይቁ ስትመለሱ ለኔ ስጡኝ።"

ያንን ቆርቆሮ፣ ስሙን ስሰማ የሚያቅለሸልሸኝን ነገር፣ ለመንኩ። ልመናዬ ለራሴ ጆሮ ቀፈፈኝ። ላሜራው እጁን በሱሪው ጠረገና ልጄን አያት። "ይሁን እንጂ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ደስ ካላቸው ምን አለበት? ለኛ ሌላ እሠራለሁ።"

እሱ ነው እንግዲህ እሺ ያለኝ! ያ ተረከዘ ስንጥቅ!

"አይሆንም" አለች ልጄ።

"ልጄ…"

"አይሆንም እማዬ። አንቺ እዚያ ብትተኚም ጠዋት ተነስተሽ ትመጫለሽ፣ መስኮት ትከፍቻለሽ፣ ይሸታል ትያለሽ። የትም ተኚ የት ቤቱ ሁሉ ያንቺ ነው። ውሰጂው፣ አልከለከልኩሽም፤ አንድ ቀን ውጪልኝ ብዬሽ አውቃለሁ? ይሄ ግን የኔ ነው። አንቺ የማታንኳኪው አንድ በር እፈልጋለሁ።"

አልጮኸችም። ተማሪዎቿን እንደምታናግር ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወደኔ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ኮላ ኮላ ትሸታለች። ፊቴን ላዞር አልኩና አላዞርኩም።

ተሳቢውን መግፋት ጀመሩ። ላሜራውና በያጁ መጎተቻውን ይዘው ከጓሮው በኩል ይገፋሉ፣ ልጄ ጎኑን ትደግፋለች። ጭራው ወደ በሩ ያመራል። ገፊዎቹ ከፊታቸው የተሳቢው ሆድ ተገትሮ ምንም አያዩም፤ የበሩ ምሰሶና ቆርቆሮው መሀል ያለው ክፍተት ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ሁለት ክንድ ከሄዱ በኋላ ቆሙ።

"እማማ" አለ ላሜራው ከወዲያ፣ "ከበሩ ጋ ሆነው ይምሩን እንጂ። አይታየንም።"

በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከጀርባዬ ገንዳው ይከረፋል። ምሰሶው ላይ የወጣ ሚስማር አለ። አንድ ቃል ባጠፋ፣ "ወደ ቀኝ" በሚባለው ቦታ "ወደ ግራ" ብል፣ ያ ሁሉ በምራቅ የተወለወለ ጎን ከላይ እስከ ታች ይተለተላል፤ ዛሬ አይሄዱም፣ ምናልባት በዚህ ክረምት አይሄዱም። ማንም አውቃ ነው አይለኝም፤ አሮጊት ናት፣ ተሳስታ ነው ይላሉ። ይህ ሐሳብ አፌን ሞላው፤ ልክ ሊያስመልሰኝ ሲል እንደሚሞላኝ።

"ና" አልኩ። "ና… ና… ትንሽ ወደ ቀኝ። ቁም! አሁን ቀጥ አድርገህ ና።"

ሚስማሩን በመዳፌ ሸፈንኩት። ቆርቆሮው የእጄን ጀርባ እየታከከ አለፈ፤ ቀዝቃዛና ልስልስ ነበር። ልጄ ጎኑን ይዛ ከምሰሶው ጋ ስትደርስ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ክፍተቱን አየች፣ እጄን አየች፣ እኔን አየች።

"ይበቃል እማዬ?" አለችኝ።

"ይበቃል" አልኳት። "ግፉት።"